ከበሮው በዐቢይ ጾም ያርፋል፤ መሪጌታውስ?

በዚህ ገጽ ስለ ትዳር፣ ስለ ጤናና ስለ ኑሮ ዘዴ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ለለውጥ ያህል ዓባይን ተሻግረን፣ ብቸናን አልፈን፣ ሞጣ ሳንደርስ ጉንደ ወይን ላይ እንወርዳለን። የጉዞ ወግ በሉት፣ የኑሮ ምክር በሉት፣ እንደ ፍላጎታችሁ። የባለ ታሪካችንን ስም ግን አንነግራችሁም። “ነገሩን ጻፈው፣ ለሌላው ይጠቅማል። ስሜን ግን ተወው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው በጋዜጣ ሲወጣ ደስ አይለኝም” ብሎኛል። ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። “ክላሲካል ሙዚቀኛ” ሲባል ምን ይታያችኋል? ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ፣ ዛሬ ቪየና ነገ ፓሪስ የሚል ፈረንጅ አይደል? እኛም ቤት እኮ አለ። ልዩነቱ የኛው ነጭ ለብሶ፣ መቋሚያ ተደግፎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር መሆኑ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ዜማ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ ሦስት ስልቶች አሉት። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉ አምስት መጻሕፍትም አሉት። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት አበጁለት፤ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሒደት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያሉ። ፈረንጅ “ኖታ” የሚለው መሆኑ ነው። ታዲያ ይሄ ክላሲካል ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የፈረንጁን ፒያኖ የተካኑት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንኳ የዚህ ዜማ ፍቅር ነበራቸው። ጎንደር በነበሩ ጊዜ የቆሎ ተማሪዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብርድ ላይ ሲያድሩ አይተው ልባቸው ተነካ፤ ሙዚቃቸውንም ለችግረኞች መርጃ አዋሉት። እሳቸው በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኢየሩሳሌም አርፈዋል። የቆሎ ተማሪው ግን ዛሬም አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከውሻ ጋር እየታገለ ይማራል።

የመሪጌታው ደብተር

ባለ ታሪካችን ከነዚያ አኩፋዳ ካንጠለጠሉት አንዱ ነበር። ጉንደ ወይን አካባቢ ባለ አንድ የገጠር ደብር ከፊደልና ከዳዊት ተነስቶ ጾመ ድጓን ተማረ። ከዚያ ዓባይን በእግሩ ተሻግሮ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም ወረደ፣ ለአቋቋም ደግሞ ጎንደር በአታ ተቀመጠ። አዲስ አበባ ሲገባ ሃያ ዓመት ገደማ ተምሮ ነበር። ሐኪም ለመሆን እንኳ ይህን ያህል አይፈጅም!

እኔና እሱ ጎረቤታሞች ነን። አንድ ቀን በኪሱ የሚይዛትን ትንሽ ደብተር አሳየኝ። የ2011 ዓ.ም. የበዓል ወረፋ ነበረች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው፤ በየቅዳሜው ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት። ኅዳር 12 ሚካኤልን ባሕር ዳር። ኅዳር 21 ጽዮንን አክሱም። ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ቁልቢ። ታኅሣሥ 29 ልደትን ላሊበላ፣ ቤዛ ኩሉ ላይ። በየመሃሉ ደግሞ የአዲስ አበባ ደብሮች ወርኃዊ በዓል አለ። ጥር 11 ጥምቀትን በውጭ አገር ከሚገኝ አንድ የኢትዮጵያውያን ደብር ተጠርቷል። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ረቡዕ ጥር 8 ማታ ይበራል።

“ሰው ያከበረኝ መስሎኝ ለሁሉም እሺ እላለሁ” አለኝ። “ሲሸኙኝ ‘ለመንገድ’ ብለው ፖስታ ይሰጡኛል። ፖስታውን ለሚስቴ እሰጣለሁ። እሷም ተቀብላ ዝም ትላለች።”

ሚስቱ ግን አንድ ጊዜ ዝም አላለችም። “በዓል ሲደርስ የሰው ልጅ አባቱ ቤት ይመጣለታል። ያንተ ልጅ ግን ከበሮ ስትሰማ ‘አባዬ ሊሄድ ነው’ ብላ ታለቅሳለች” አለችው። ልጅቱ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ነበረች።

እንግዲህ በዚህ ላይ ድምፁ ጎረነነ። ከኅዳር ጀምሮ ነው። ማር በዝንጅብል ጠጣ፣ ተልባ ጠጣ፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪኒን ገዝቶ ዋጠ። ቁልቢ ላይ ከፍ ያለው ዜማ ከነጭራሹ እምቢ አለው። ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ረዘም ያለውን አሳጥሮ ተወጣው። ማንም አላወቀበትም። እሱ እንደዚያ ነበር የመሰለው።

ጥር 4 ቀን ማታ ከጉንደ ወይን ስልክ ተደወለ። የድሮ መምህሩ ተማሪ ነው። “የኔታ ይጠሩሃል፣ ቶሎ ና ብለዋል” ብሎ ዘጋው። ታመው ነው? ሊሞቱ ነው? ምንም አላለም። መሪጌታው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ሊነጋጋ ሲል የኔን በር አንኳኳ። “ደርሼ ማክሰኞ እመለሳለሁ፤ ብቻዬን መንገዱ ይከብደኛል” አለኝ። እኔም ጋቢዬን ይዤ ተነሳሁ።

ዓባይን ስንሻገር

ሞጣ በሚለው አውቶብስ ተሳፈርን። ፍቼን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ መሬቱ ተሰንጥቆ ዓባይ በረሃ ወለል አለ። ከደጋው ብርድ ተነስቶ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ታች ሲወረድ ጋቢውም ሹራቡም አንድ በአንድ ይወልቃል። ግርጌው ላይ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አሮጌውና በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይ። ሽቅብ ወጥተን ደጀን ስንደርስ የወለቀው ሁሉ ተመልሶ ይለበሳል።

ከደጀን የደብረ ማርቆሱን መንገድ በግራ ትተን ወደ ብቸና ታጠፍን። የበላይ ዘለቀ አገር ነው። ጥር ላይ ምሥራቅ ጎጃምን ያላየ ጎጃምን አየሁ እንዳይል። አዝመራው ተሰብስቦ፣ አውድማው ላይ ጤፍ እየተወቃ፣ የጭድ ክምር እንደ ጎጆ ተደርድሮ ይታያል። በስተግራ በኩል የጮቄ ተራራ ጉም ለብሶ ተኝቷል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ብዙ ወንዝ ከእሱ እየፈለቀ ለዓባይ ይገብራል።

ይህ አገር የትምህርት አገርም ነው። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ እዚሁ ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነቱን ትምህርት የቀሰሙት በነዚህ ደብሮች ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው “ፍቅር እስከ መቃብር” ላይ ያለው በዛብህ ዲማን የረገጠው ያለ ነገር አይደለም። መሪጌታው ደብረ ወርቅን ስናልፍ ቆቡን አውልቆ ተሳለመና፣ “በዛብህም ድምፀ መልካም ነበር፤ መጨረሻው ግን አላማረም” አለ። ሳቅ ብሎ ነበር፣ ግን ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

ጉንደ ወይን ከሰዓት በኋላ ገባን። አንዳንዱ “ግንደ ወይን” ይላታል፤ የወይን ግንድ ማለት ነው። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ቆርቆሮ ቤቶች፣ ባሕር ዛፍ፣ ነጭ ጋቢ የተከናነበ ሰው። ሻይ ቤት ገብተን አረፍ ስንል ባለቤቷ መሪጌታውን ትኩር ብላ አየችውና፣ “ያ የየኔታ ተማሪ አይደለህም? ድርቆሽ የሰጠሁህ!” አለችው። ተነስቶ ጉልበቷን ሳመ። የሻዩን ሒሳብ እምቢ አለች።

የኔታ ምን ሰሙ?

ደብሩ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የኔታ አልታመሙም! ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ከጎጇቸው ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው ተማሪ ያስቀጽላሉ። መሪጌታው ከእግራቸው ላይ ወደቀ። ራሱን ዳሰስ አድርገው፣ “ከሳህ” አሉት።

“የኔታ፣ የታመሙ መስሎኝ ደነገጥኩ እኮ።”

“እኔ ደህና ነኝ። የታመምከው አንተ ነህ” አሉ። “የወፍጮ ቤቱ ልጅ ከስልኩ ላይ ማኅሌት አሰማኝ። አክሱም ጽዮን ነው አለኝ። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ለየሁህ። ወዲያው ደግሞ ‘እሱ አይደለም’ አልኩ። ርክርኩን ዘለልከው። አራራዩ ላይ ወጥተህ መውረጃ አጣህ። የጠራሁህ ለዚህ ነው።”

በእውነት እላችኋለሁ፣ ሰውየው እንደ ሕፃን አቀረቀረ። ስንት ሺህ ሕዝብ ያላወቀበትን፣ ዓይን የሌላቸው ሽማግሌ በአንዲት ስልክ ያዙት።

“ደክሞኝ ነው የኔታ። ከመስከረም ጀምሮ አላረፍኩም።”

“ማን አትረፍ አለህ?”

መልስ አጣ። ቆይቶ ስለ ቲኬቱ ነገራቸው፤ ረቡዕ እንደሚበር፣ ሰው እንደሚጠብቀው። የኔታ ብዙ አልተናገሩም። “እዚያ ምን ይዘህላቸው ትሄዳለህ? ስምህን ነው ወይስ ድምፅህን?” ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ሌሊቱን ተማሪዎቹ ጎጆ ውስጥ እሳት ዳር አደርን። ስምንት ተማሪዎች ናቸው። በሱ ጊዜ ከሰባ በላይ እንደነበሩ ነገረኝ። አንደኛው ልጅ የለመነውን እንጀራ ከአኩፋዳው አውጥቶ አቀረበልን፤ የአምስት ቤት እንጀራ ተቀላቅሎ። መሪጌታው በልቶ አልጠግብ አለ። “በየበዓሉ ስንት ድግስ በልቻለሁ፤ ይሄን የመሰለ አልቀመስኩም” ይላል በሻከረው ድምፁ።

ንጋት ላይ የኔታ ተጣሩ። መሪጌታውን ከጀማሪዎቹ ጋር አስቀመጡት። ጀማሪ የሚማረውን ዜማ “በል” አሉት። ጀመረ። በግዕዝ ደህና ሄደ። አራራይ ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ቀርከሃ ሆኖ ቆመ። ፀጥታ ሆነ። ያኔ እንጀራውን ያካፈለን የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ፣ ሳይጠየቅ፣ ካቆመበት ተቀብሎ ወሰደው። አንድም ምልክት ሳይስት ጨረሰው። መሪጌታው እንባው መጣ። የኔታ እንኳን አልተቆጡም። “ከበሮ ሁልጊዜ እንደተወጠረ አይኖርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እናሳርፈዋለን። ቆዳው ያርፋል፣ ያንተ ጉሮሮ ከቆዳ ይብሳል?” አሉት።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በዐቢይ ጾም ከበሮውም ጸናጽሉም ዝም ይላል። ጾመ ድጓ የሚባለው በመቋሚያ ብቻ ነው። አባቶች ለዓመቱ ድካም ዕረፍት ሠርተውለታል ማለት ነው። ያንን ዕረፍት የበላው የኛ ዘመን ጥድፊያ ነው፤ በከተማ ጾሙም ጉባኤ፣ ቀረጻ፣ ሥልጠና ሆኗል።

ስልኩ ላይ

ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ነው። ሰኞ ከሰዓት ሁለታችንም ወጣን። መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር ደወለ። “ድምፄ ታሟል፣ አልመጣም” አለ። የዚያኛው ወገን ቁጣ እኔ ድረስ ይሰማል፤ ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ ሰው ፈቃድ ወስዷል፣ ቲኬቱ ተከፍሏል። መሪጌታው ይቅርታ ጠየቀ፣ እዚያው አገር የሚኖር አንድ ሌላ መሪጌታ ጠቆማቸው፣ የቲኬቱንም ገንዘብ እመልሳለሁ አለ። አንባቢ ሆይ፣ በውጭው ዓለም የኦፔራ ዘፋኝ ጉሮሮው ሲታመም ተተኪ ተዘጋጅቶለት ይጠብቃል፤ ሰርዞ ቢተኛ ነውር የለበትም። የኛው ሰው ግን እንደ ከዳተኛ ተቆጠረ።

ቀጥሎ ሚስቱ ጋ ደወለ። ይሄኛው ይብስ ነበር፤ የልጅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ፖስታ ነበር የታሰበው። ነገራት። ረጅም ዝምታ ሆነ። “ተቆጣች?” ብዬ በዓይኔ ጠየቅኩት። ራሱን ነቀነቀ። በኋላ እንደነገረኝ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ “ክፍያውን ከዕቁብ እንበደራለን። አንተ መቼ ነው የምትመጣው?”

ጥምቀትን እዚያው አሳለፍነው። በከተራ ታቦቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ መሪጌታው ከመዘምራኑ መሀል በነጭ ለብሶ ቆመ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ጸናጽሉን ብቻ ያንሿሽዋል፣ በመቋሚያው ይዘማል። ያ ትንሽ ልጅ ከፊቱ ሆኖ ያዜማል። በማግስቱ ማለዳ ውኃው ሲረጭ ልጃገረዶቹ እልል ይላሉ፣ ጎበዞቹ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጎንደርንና ጃንሜዳን የማያውቅ የለም። ግን የገጠሩን ጥምቀት ያላየ ሰው ግማሹን ነው ያየው።

አዲስ አበባ እንደተመለስን የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። በድምፁ አውታሮች ላይ ትንንሽ እባጭ ተገኘ። “ትንሽ ቆይተህ ቢሆን ኖሮ ሕክምናው ይከብድ ነበር” ተባለ። ዐቢይ ጾምን እስከ ፋሲካ ዝም አለ፤ የድምፅ ልምምድም ተሰጠው። ድምፁ ተመለሰ፣ ሙሉ በሙሉ ነው ብዬ ግን አልዋሽም። ዛሬ በወር ከሁለት ጥሪ በላይ አይቀበልም። ከሁለቱ አንዱን ልጁ ትመርጥለታለች። ገቢው ቀንሷል፤ ዕቁቡን ከፍለው የጨረሱት በዓመቱ ነው። የቲኬቱንም ገንዘብ ቀስ በቀስ መልሷል።

የኔታ በ2014 ዓ.ም. አርፈዋል። መሪጌታው ቀብራቸው ላይ ደርሷል። ያ ልጅ ለድጓ ወደ ቤተልሔም ተሻግሯል። መሪጌታው “ወንበሩን እይዛለሁ፣ ሄጄ አስተምራለሁ” ብሎ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልሉ በተነሳው ጦርነት የመንገዱ ነገር እንደ ድሮው አልሆነለትም። ያ ጎጆ ዛሬ ተማሪ ይኑርበት አይኑርበት ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል። “ያኔ ባልሄድ ኖሮ ከየኔታ ጋር ሳንነጋገር እንቀር ነበር” ይለኛል አንዳንዴ።

ለአንባቢያን ትንሽ ምክር

በድምፃችሁ የምትተዳደሩ ሁሉ፣ ዘማሪ፣ መምህር፣ ሰባኪ፣ ዘፋኝ፣ ረዳት፣ ይህን ልብ በሉ። ድምፅ ሲጎረንን መድኃኒቱ ዝምታና ውኃ ነው። ማንሾካሾክ ያሳርፋል ብላችሁ አትታለሉ፣ እሱም ያደክማል። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ ያቆስላል። ጭስ ራቁ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ተሕዋስያን ኪኒን አትዋጡ። መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ሂዱ።

ሥራ የሚበዛበት ወቅት ሲመጣ ደግሞ ወረፋውን ብቻችሁን አትያዙት። ደብተሩን ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሉት። አንድ ቀን ለቤት፣ አንድ ቀን ለመኝታ ተብሎ አስቀድሞ ይጻፍ። ያልተጻፈ ዕረፍት አይገኝም። እምቢ ማለትም ነውር አይደለም፤ ነውሩ እሺ ብሎ ግማሽ ሰው ይዞ መሄድ ነው።

ጋባዦችም አስቡ። ሊቅ ስትጠሩ ተተኪ አዘጋጁ፤ ከመንገድ የገባ ሰው ሳያርፍ ሌሊቱን አታስቁሙት።

ወደ ጉንደ ወይን ለመሄድ የሚያስብ ካለ ደግሞ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ካገሩ ሰዎች ይጠይቅ። ጋቢ ይያዝ፣ ማታ ብርድ ነው። ጉባኤ ቤት ከደረሰ ባዶ እጁን አይግባ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨውና ሳሙና ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። እነዚያ ስምንት ልጆች ያካፈሉንን እንጀራ እኔ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

በሉ ደህና ሰንብቱ። በሚቀጥለው እትም በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ድምፃችሁም ቤታችሁም ይጠበቅላችሁ።